አንድ ጣት ተኩል

የአባቴ ስም ሞላ ነበር፤
የመኪናዋም ሽቦ ሞላ ነው የሚባል፤
ስለዚህ «ሞላን ቁረጠው» ማለት
ከአፍ ሲወጣ ያማል።

ቢሆንም አልኩት አንሙትን፣
ቀበሌ አሥራ አራት፣ ከጣውላ ቤቱ ጀርባ፣
ክሪኩን ሰክቶ፣ በካርቶን ላይ ተንጋሎ
ከዲኤክሷ ሥር ሲገባ፤
«ዝቅ አድርግልኝ፤ ዝቅ፣ ዝቅ፣
ጎማው ከፓራፋንጎው ሥር እስኪደበቅ።
በዘንባባው ጎዳና፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣
አስፋልቱን እየላሰች እንድትታይ።»

ከሥር መለሰልኝ፤ ድምፁን ዘይት ነክቶታል፤
«መቁረጡ አምስት ደቂቃ ነው፤ ፍሌክሱ ይበላዋል።
አሞርዛተሩስ?»

«የፋብሪካው ነው፤ እጅ አልነካውም» አልኩት፤
እንደ ደህና ወሬ፣ በኩራት ነገርኩት።

«እሱ ነው ችግሩ።»

ወጣ። እጁን ጠረገ። ከመደርደሪያው ሥር ጎተተ
ከሶማሌ ተራ በአውቶቡስ የመጡ፣
አራት ቀይ፣ አራት ጥቁር።
ቀዩ እንደ ሚጥሚጣ ዓይን ያቃጥላል፤
ሦስት ጣት ዝቅ ያደርጋል።
ጥቁሩ አቧራ ለብሷል፤ አንድ ጣት ተኩል ብቻ፤
ቢገዙት ለወሬ እንኳ የማይሆን።

«ሞላ ይሸከማል» አለ፤ «አሞርዛተር ያረጋጋል፤
አንዱ ሲዘል፣ ሌላው ትከሻውን ይዞ ‹ቆይ› ይለዋል።
እነዚህ ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል፤
አንዱ የሌላውን ቁመት ለምዷል።
ቀዩን ካስገባንበት፣ አሞርዛተሩ ገና ከጠዋቱ
ቁጭ ብሎ ይውላል፤ መውረጃ አይቀርለትም፤
በየጉብታው ላስቲኩን እየመታ፣ ጓ፤ ጓ።
ደግሞ ቀዩ ጠንካራ ነው፤
የሽማግሌ እጅ የወይፈን አንገት ይይዛል?»

በቁልፉ ወደ ሐይቁ ጠቆመኝ።
«የደንገል ታንኳ አላየህም?
ሲጫን ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ማለት ነውር የለውም፤
ግን ውሃው ወደ ከንፈሩ ሲጠጋ
ባለታንኳው ‹ይበቃል› ይላል፤
አንዲት እንጨት አይጨምርም።»

ያኔ ትዝ አለኝ አባቴ፤
ከዓሣው ገበያ መልስ፣
ኋላዋን ቀረሶ ሞልቶባት፣
ማርሚታዋ አስፋልቱን እየጫረ፣
ማንም ሳይቆርጥላት ዝቅ ብላ ትሄድ እንደነበረ።
«አማረች» ያላት አልነበረም።
እኔም ከትምህርት ቤቱ በር
በሽታው አፍሬ፣ በዝቅታዋ አፍሬ፣
«እዚያ ማዶ አውርደኝ» እለው ነበር።

ዛሬ ያንኑ ዝቅታ
በገንዘቤ ልገዛ ቆሜያለሁ።
ቀዩን ዳሰስኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር።
አፌ «ጥቁሩን» አለ፤
ዓይኔ ቀዩ ላይ አደረ።

የአንሙት ልጅ፣ ያ ኩርፍተኛው ይርሳው፣
በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ጣቶቹን አስገባ፤
ጠዋት አምስት ነበር፤ አሁን ሦስት ተኩል።
ግማሿን ጣት ከየት እንዳመጣት አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ዓባይን ተሻግሬ ወደ ቤዛዊት ዳገት ወጣሁ።
ጉብታው ጋ ስደርስ ጥርሴን ነከስኩ።
አንዴ ሰገደች፣
ቀና አለች፣
ዝም።

ቅዳሜ በዘንባባው ሥር ሦስቴ ተመላለስኩ፤
አንድ ሰው አላየ።
ባለባጃጁ ጥሩንባ ነፋብኝ፤
ሽታሁን፣ የልብ ጓደኛዬ፣ ዙሪያዋን ዞሮ ዞሮ
«ጎማ ቀየርክ እንዴ?» አለኝ።

ከሐይቁ ዳር አቆምኳት። የካቲት ነበር፤
ጣናም ጎድሎ፣ ድንጋዩ ላይ አዲስ መስመር፤
ብትለካው አንድ ጣት ተኩል።
ጀልባዎቹ እንደተለመደው ይጮኻሉ፤
ሰዉ ፎቶ ይነሳል።

አንድ ባለታንኳ ብቻ፣ ደንገሉን እያሰረ፣
መስመሩን አየ፤ ዞሮም ጎማዋን አየ፤
ጎንበስ አለ።
«ይቺ የሞላ መኪና አይደለችም?»
«ናት።»
«ታዲያ ምን ጭነህባት ነው?»